ችሎት በኪርያት ጋት

ስሜን ፈረደ አለኝ አባቴ ሲሰይም፤
ከወሰንና ከበሬ ሌላ ሙግት ያለ አይመስለውም።
ዛሬ ግን ከሳሹም ተከሳሹም ጠቦ፣
ብስኩት አክሎ ቆሟል፣ በዋጋ ተከቦ፣
በልጄ ስልክ ላይ።

ናዳቭ ነው ችሎቱን የከፈተው ማታ፣
የፒዛ ቤት ደመወዙን ከፖስታ ሲፈታ፤
ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ሼቄል፣ አንዱን ኖት ስጎ የነካው፣
ለጌም ኮምፒውተሩ፣ ለአንጎልና ለቦርዱ ያጠራቀመው።
«በላ ልበልሃ» አልኩት። ሳቀብኝ። ይህ አማርኛ እሱ ጋ አልደረሰም፤
ክርክሩ ግን ደርሶታል፤ ከጀመረ አያርፍም።

«ኤኤምዲ ነው አባ፤ ጓዳው ሰፊ ነው፤
ኮረብታው፣ በሩ፣ ጠላት ያደፈጠበት፣ ሁሉም እጁ ላይ ነው፤
ለማምጣት አይሮጥም፤ መብራትም አይፈጅ፤
ኢንቴልን ጠልቼ አይደለም፣ ለጌም አልሆን ብሎኝ እንጅ።»

እኔስ? ሳልሾም ጠበቃ ሆንኩ ለወዲያኛው፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሌሊቱን ኢንቴል ነው የማድረው።
የዚህ ቤት ብድር፣ የመኪናው ጎማ፣
የናዳቭ የጥርስ ሽቦ፣ የሞራን ጫማ፣
ሁሉ ከዚያ ነው። «ያጎረሰህን እጅ ልትነክስ?
ያውም በዚያው እጅ በቀናው ጥርስ?»
አፉን ከፍቶ ጥርሱን አሳየኝ። ሞራን ሳቀች።
ነገሩ ግን አልሞተም።

አልነገርኩትም ሌላውን።
እዚያ ስገባ ከአናት እስከ ጫማ ነጭ እለብሳለሁ።
ቢጫ መብራት፣ የማያቋርጥ የአየር ጉምጉምታ፣
ሁላችን ዓይን ብቻ ነን፤
የኦዴሳው ዓይን፣ የካዛብላንካው ዓይን፣ የእኔም ዓይን።
«ከየት መጣህ?» የሚባል ሰው የለም እዚያ ውስጥ፤
ከየት መጣህ የሚባለው አቧራ ብቻ ነው።
ወለሉን እወለውላለሁ፤ የወለወልኩት አይታየኝም።
ሳህኑን በመስታወት ውስጥ አየዋለሁ፣
ቀስተ ደመና ተጋግሮበት ያልፋል።
ነክቼው አላውቅም።
ይህ ግን ማስረጃ አይሆንም። ልጅ በዚህ አይረታም።

ሙግቱ ሳያልቅ ሳይረኑ ጮኸ።
ማማዱ የናዳቭ ክፍል ነውና ሁላችን እዚያ ታጨቅን፤
ያልጋነሽ ከነማማሰያዋ፣
ስኳር ልትበደር የመጣችው ቬራ ከነባዶ ኩባያዋ።
መሃላችን የኮምፒውተሩ ሳጥን፣
ሆዱ ተከፍቶ፣ ሽቦው ተጎልጉሎ፣ ገና አንጎል የሌለው።
ቬራ ጠየቀች፤ አስረዳናት።
«ርካሹን» አለች፣ ኩባያዋን እያየች።
መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። አንድ። ቆየት ብሎ፣ ሁለት።
ናዳቭ ሳጥኑን በክንዱ ደግፎ ነበር፣
ሕፃን ከአልጋ እንዳይወድቅ እንደሚደግፍ ሰው።
ያኔ ፈረድኩ።
«የልብህን ግዛ» አልኩት። የተሻለውን አላልኩም።

ማክሰኞ መጣ። ካርቶኑን ሊቀድ ሲል «ቆይ!» አልኩ።
እጄን እስከ ክርኔ ታጠብኩ፣ ትንፋሼን ዋጥኩ፣
ጠርዝና ጠርዙን ይዤ አነሳሁት።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት የቤቴን ልጅ ሳልዳስስ፣
የባላንጣውን ያዝኩት በእጄ፣
ቀሎ፣ ቀዝቅዞ፣ እንደ መሐላ ጠጠር።
ማዕዘኑ ላይ ያለችውን የወርቅ ምልክት ከቦርዱ ምልክት አገጣጠምኩ፤
ድምፅ ሳያሰማ ገባ።
ቀና ስል ናዳቭ የሚያየው እሱን አልነበረም፤
እጄን ነበር።

ከምሽቱ አራት ሰዓት አውቶቡሱ መጣ።
ከኋላዬ ማራገቢያው በቀይና በሰማያዊ ይሽከረከራል፣
ልጄ ሰው በሌለበት ከተማ እየተኮሰ ይጮኻል።
በር ላይ ባጄን አሳየሁ።
መታጠቢያው ጋ ስደርስ፣ አውራ ጣቴ ላይ
የዚያ የባላንጣው ግራጫ ቅባት ቀርቶ ኖሯል።
ሦስት ጊዜ አጠብኩት።
ከዚያ ነጩን ለበስኩ፤ ዓይን ብቻ ሆንኩ፤
ገባሁ።