ውኃ አትጨምር

በጋራው ማድ ቤት፣ ከምሰሶ እስከ ምሰሶ፣
አንድ ሽቦ ተወጥሯል፣ የስንት ዓመት ጥላሸት ለብሶ።
መሀሉ ላይ አንዲት ቀይ ክር አለች፤
ከክሯ ወዲህ ያለው ቋንጣ፣ እናቴ የሰቀለችው፣
ከክሯ ወዲያ ያለው ደግሞ፣ እትዬ ዘርፌ የዘለዘለችው።
ዘጠኝ ዓመት ሆናቸው ከተኳረፉ፤
በአንድ በር እየገቡ፣ ከአንድ ቧንቧ እየቀዱ፣
ትከሻ ለትከሻ እየተላለፉ።
ጠባቸው በምን እንደተነሣ ግቢው እስካሁን አልተስማማም፤
በቁልፍ ነው የሚል አለ፣ በጀሪካን የሚልም አይጠፋም፣
ጋሽ ወንድይራድ ግን “በጭልፋ ነው” ይላል፣ ሲምልም አያፍርም።

ጭስ መቼም ድንበር አይገባውም።
የእሷ ሽሮ ሲንተከተክ የኛ ቋንጣ ይጠቁራል፣
የኛ እርጥብ ማገዶ ሲነፋ ለእሷም ሥጋ ይተርፋል።

ትናንት፣ የካቲት ሆስፒታል፣ ከእናቴ አልጋ ጫፍ ተቀምጬ፣
“ምን ላምጣልሽ?” አልኳት፣ እጇን በእጄ ጨብጬ።
“ጎመን።”
“ጎመን በጤና ነው ተረቱ፤ ጤናውን ትተሽ ጎመኑን?”
ሣቅሁ። እሷ ወደ መስኮቱ ዞረች።
“በቋንጣ” አለች። “ቀስ ብሎ የበሰለ” አለች።

እኔ ሰዓት ጠጋኝ ነኝ፤
ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጥግ፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ የምውል፣
አንድ ዓይኔ ላይ አጉሊ ሰክቼ የሰው ደቂቃ የማስተካክል።
“ቀስ ብሎ” የሚሉት ጊዜ ግን ስንት ጥርስ እንዳለው፣
በየትኛው ቁልፍ እንደሚሞላ፣
ከፍቼ አይቼው አላውቅም።

ዳገቱ ላይ ከምትቸረችረው ልጅ ሁለት እስር ጎመን ገዛሁ።
“ችኩል ከሆንክ ለጋውን ውሰድ፤ ይሄ እልኸኛ ነው” አለችኝ፤
እልኸኛውን ወሰድሁ።
ዘንጉን ለየሁ፣ በሦስት ውኃ አጠብሁ፣ ቀቀልሁ፣ ጨመቅሁ፣ ከተፍሁ፤
ወንበር ላይ ቆሜ ወደ ሽቦው ተንጠራራሁ።
ከክሯ ወዲህ የቀረው ሁለት ዝልዝል ብቻ ነበር።
ግራ ቀኝ አየሁ።
ሦስተኛዋን ከወዲያ አወረድሁ።

ሽንኩርቱ ወዙን ጨርሶ፣ ቅቤው ሲቀልጥ፣ ዝንጅብሉ ሲያስነጥሰኝ፣
ቋንጣው ሸክላው ውስጥ ገብቶ የግቢውን ሁሉ ጭስ ሲተፋልኝ፣
ጎመኑን ጨመርሁ። ከደንሁ። ሰዓቴን አየሁ።
ከፈትሁ፣ ቀመስሁ፤ ጎማ። ከደንሁ። ሰዓቴን አየሁ።
እሳቱን አራገብሁ።
ጎመኑ እልሁን አልለቀቀም፣ ድስቱ ግርጌው ማረር ጀመረ፤
ጆጉን አነሣሁ —

“ውኃ አትጨምር!”

ከጭቃው ግድግዳ ማዶ ነው ድምፁ፣
ዘጠኝ ዓመት ወደኛ ዞሮ ያልተናገረ።
“እሳቱን ቀንስ እንጂ! በራሱ ወዝ ይብሰል።
ያንን ሰዓትህንም አውልቅ!”

በሽንቁሩ ታየኛለች ለካ።
አወለቅሁ። ከሰሉን አመድ አለበስሁ።
ስንት እንደቆየን አላውቅም፤ እኔ ከወዲህ፣ እሷ ከወዲያ፣
በመሀላችን የድስቱ ለሆሳስ፣
አንዳንዴ “አማስለው”፣ አንዳንዴ “ተወው”፣
ብዙውን ጊዜ ምንም።
ከቤኒን መስጊድ የዐሥር አዛን ተሰማ።
ጎመኑ ጠቆረ፣ ለዘበ፣ ከሥጋው ጋር አንድ ቀለም ሆነ።
ቃሪያ ሰንጥቄ፣ ኮረሪማ ነስንሼ አወረድሁ።

ነጠላዋን አጣፍታ በሩ ላይ ቆማለች።
በጭልፋው ጫፍ ሰጠኋት፤ ቀምሳ ዓይኗን ጨፈነች።
“ጨው ያንሰዋል” አለች።
ቆየችና፣
“ሦስተኛዋ የኔ ናት።”
መሬት መሬት አየሁ።
“ድስቱን ወዲህ በለው፤ አንተ ዳገቱ ላይ ትደፋዋለህ።
መጠየቂያው በስንት ሰዓት ነው?”

ባዶ አንጓዬን አየሁ።