ጠፈር የሚለው ቃል

ማክሰኞ ማታ ነው፤ ፔዳ፣ ሁለተኛው ፎቅ፤
ባንክ የዋለ ገላ፣ ሱቅ የዋለ ዓይን፣ እንቅልፍ ሲሰርቅ፣
አሥራ ዘጠኝ ሆነው ወንበር ያሞቃሉ።
የሐይቁ ትንኞች በክፍቱ መስኮት ገብተው
አምፖሉን ይዞራሉ።

እኔም በጠመኔ፣ ባሥራ አንድ ዓመት ማስታወሻ፣
ጥግ ጥጉ ባለቀ፣ ሻይ በነካው ብጣሻ፣
ያንኑ አወራለሁ፦
«እንግሊዝ አገር፣ የዛሬ አራት መቶ ዓመት፣
ሁለት ብርጭቆ በቱቦ ገጥመው ሰማይን ያዩበት
ወሬ ሲደርሳቸው፣
ገጣሚዎቹን ብርድ ብርድ አላቸው።
ጨረቃ ለካስ ፊቷን ፈንጣጣ የበላው፣
ፀሐይም ማድያት ያለባት፤ ምድርም መሐል ያለው
ዙፋኗን ለቃ የምትሾር እንደ እንዝርት።
እንግዲህ ውዴን በምን ላመስግናት?
አሉ። ይህ ፈተና ላይ ይመጣል።»
ጻፉት።

መብራት ሄደ።
መብራት ኃይል የሚሠራው ገደፋው
ጥፋቱ የሱ ይመስል አንገቱን ደፋ።

«መምህር» አለች በጨለማው፣ ከኋላ፣ አንጓች፤
ዓሣ ምርምር፣ ቤተ ሙከራ ውላ የመጣች፣
እጇ ሁሌ ፎርማሊን የሚሸት፤
«የኛዎቹንስ ማን አስደነገጣቸው?
አጎቴ ደብረ ማርያም ደሴት ነው፤ አበቅቴ ይቆጥራል።
በሱ ቤት ጠፈር ማለት የረጋ ውኃ ነው፣
እንደ ጣሪያ ተወጥሮ ሌላ ውኃ የተሸከመ።
በሬዲዮ ደግሞ ጠፈር ማለት ባዶ ነው፣
አየር የሌለው፣ ወለል የሌለው።
ቃሉ ያው፣ ያው ሦስት ፊደል።
መቼ ነው ታዲያ ውኃው የፈሰሰ?
ማን አየ?
ማን አለቀሰ?»

መብራት መጣ።
«በሚቀጥለው ሳምንት» አልኩ፣
መምህር ሲጨንቀው እንደሚለው።

በሳምንቱ የብረት ዕቃ አቅፋ መጣች፤
አጉሊ መነጽር፤ ላንድ ማታ ፈርማ ነው ያወጣች።
በሃይላንድ ጠርሙስ ደግሞ ጣናን ይዛለች፤
«ከሽምብጥ ዳር፣ እምቦጭ ከተነቀለበት፣
ጠዋት ነው የቀዳሁት» አለች።
አንዲት ጠብታ። ብርጭቆ ላይ።
ነርሷ አየች፤ ሳቀች።
ገደፋው አየ፤ አማተበ።
ተራው የኔ ሆነ።

አንድ ዓይኔን ጨፍኜ በጠባቧ ቀዳዳ ገባሁ።
አረንጓዴ ክር፣ እንደተተረተረ ዳንቴል፤
ብርሃን የሚያሳልፍ ሆድ፣ ውስጡ የሚመታ፤
ጀልባ የሚመስል፣
ቆይ፣ ታንኳ የሚመስል፣
አይደለም፤
ምንም የማይመስል ነገር
እየቀዘፈ መጥቶ ጎረቤቱን ዋጠና ሄደ።

«ምን ይመስላል መምህር?» አሉኝ።
ዐሥራ አንድ ዓመት «ደነገጡ» ስል የኖርኩት፣
ዓመተ ምሕረት አስይዤ የፈተንኩበት፣
ለካስ ድንጋጤ ማለት
እንደ የምትል ቃል አፍ ላይ ስትሞት።

ቅኔ ቤት ቢሆን ሰሙን አቅልጥ ይባላል፤
ከሥሩ ወርቅ ይወጣል።
እዚህ ግን ሰሙ ቢቀልጥ ከሥሩ ሌላ ሰም፣
ከሱም ሥር ሌላ፤ ወርቅ የሚባል የለም፣
ወይም ሁሉም ወርቅ ነው፤
አላውቅም።

ፈተናው ሲደርስ ቁጥር አራትን ሰረዝኩ፦
«ሳይንስ በእንግሊዝ ግጥም ላይ ያመጣውን ለውጥ
በአምስት ነጥብ ዘርዝሩ።»
በምትኩ ሰፊ ባዶ ቦታ ተውኩ።
ገደፋው እጁን አውጥቶ «ማተሚያው ዘሏል» አለ።

ቅዳሜ ማታ ሽምብጥ ዳር አገኘኋት፤
ናሙና ልትቀዳ ሱሪዋን ሰብስባ፣ ውኃው እስከ ጉልበት።
ሐይቁ ቀልቷል። አንድ ታንኳ ደንገል ጭኖ
ከደሴት ወዲህ ይመጣል።
ማን እንደሚዞር አውቃለሁ፤
ፀሐይዋ የትም አልሄደች፤
እኔ ነኝ ወደኋላ የምሸሸው፣
ይሄ ድንጋይ፣ ይሄ ዋርካ ከነወፎቹ፣
ከተማው ከነባጃጁ።

«ጀምበር ጠለቀች» አልኩ ሳላስበው።
ዞር ብላ አየችኝ።
አላረመችኝም።
የጠርሙሷን ክዳን በጥርሷ ይዛ
ጎንበስ አለች፤
ጀምበር ከጠለቀችበት ቀዳች።