ቀላል ቁጥር

ሳሙና በር ቁልቁል፣ ከጎሚስታው ፊት ለፊት፣
ሱቅ አለኝ፣ አንድም ሰው ወዶ የማይገባበት።
ሣጥን ነው የምሠራው። ሣንቃ እልጋለሁ፣
ጨርቅ እወጥራለሁ፣ መስቀል እለጥፋለሁ።
ጎረቤት ሲያገኘኝ ሰላምታ ያሳጥራል፤
ቁመቱን በዓይኔ የለካሁ ይመስለዋል።
ስልኬን ማንም አይዝ፤ ማነውስ በጤና
«እንየው ሣጥን» ሲል ይመዘግባልና?
ያ ሌሊት ሲመጣ፣ ዓይን እንባ ሲሞላ፣
ጣት ሰባትን ሲሻ ይወድቃል በሌላ።

ስለዚህ ቀላል ቁጥር፣ ላለቀሰ የሚሆን፣
ልገዛ ወጣሁኝ፣ ፒያሳ፣ ማክሰኞ ቀን።
መስኮት ሦስት ያለችው፣ ደረቷ ላይ «ውባለም»፣
«ወርቅ አለ፣ ብርም አለ፣ ነሐስ ግን ዛሬ የለም።»
ጎንደሬ ነኝና ወርቅ ስትለኝ፣ በቅኔ
መስሎኝ ሰሙን ስፈልግ ዋጋው መጣ ወደ እኔ።

እኔ ዋጋ ስሰማ በሣጥን ነው የማሰላው፦
ሦስት ሰባት በተርታ አንድ ጎልማሳ በላው፤
አራት ሰባት፣ ባልና ሚስት፤
ስድስት ሰባት —
«እሱማ በጨረታ ነው፣
የሚወስዱትም ሆቴል ያላቸው ናቸው።»

«ለምን ሥራ ነበር?» ስትል ነገርኳት።
እስክሪብቶዋ ቆመ። ወንበሯ ጠበባት።
«ላዘነ ቅናሽ የለም?»
                              «ሲስተሙ አያውቅም።
ተራ ቁጥር ግን አለ። ማንም አይፈልግም።»

አንድ ጊዜ አነበበችው። አልያዝኩትም። ደገመች።
አራት፣ ዘጠኝ፣ አንድ፣ ስድስት… ሦስተኛም ጠራች።
ዜማ የለው፣ ቤት አይመታ፣ የተበተነ ጥራጥሬ፤
ኪሴ ከትቼው ወረድኩ፣ አራዳን በእግሬ።

ክረምቱ አለፈ። ኅዳር ገባ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት
ስልኬ ጮኸ። የሴት ድምፅ ነው፣ ሳግ የሚተናነቃት።
«ቁጥሬን ከየት አገኘሽ?» (የደወለን ሁሉ
እጠይቃለሁ፤ ልማድ ነው። ብዙዎች አይመልሱም።)
«ከራሴ» አለች። «መስኮት ሦስት።
እኔው ነኝ የሰጠሁዎት።»

አራት፣ ዘጠኝ፣ አንድ፣ ስድስት፣
በዚያ ጨለማ፣ በእነዚያ ጣቶች፣ አንዱንም ሳትስት።

መብራት አበራሁ። መጋዙን ከግድግዳ አወረድኩ።
ከጥግ ካቆምኳቸው ሣንቆች ደህናዎቹን መረጥኩ።
«አባቴ ነው» አለች። «ረጅም ነው። በጣም።»
ዝም አልን። ከጀርባዋ ሰው ያለቅሳል።
«ስንት ነው?» ስትለኝ፣
                              «ሲስተሙ አያውቅም።»