ከመቶ ስንተኛ?

ቅጹ ይጠይቃል፦ «ከመቶ ስንተኛ?»
ምልክት አድርግ ነው፣ ካራቱ ባንደኛ።
ከላይኛው ዐሥር፣
ከላይኛው አምስት፣
ከላይኛው አንድ፤
ከሁሉ በስተቀኝ ደግሞ አንዲት ጠባብ ሣጥን አለች፣
«በማስተማር ዘመኔ አቻ ያላየሁለት» የምትል፤
በሠላሳ አንድ ዓመት አንዴ ብቻ የነካኋት።

የዓመቱ መጨረሻ ማታ ነው፤ ሁለት ሰዓት ቀረኝ፤
በሩ እኩለ ሌሊት ይዘጋል፣ ኮምፒውተሩ አስጠነቀቀኝ።
ከሐይቁ በረዶ ይነፍሳል፤ ሻዬ ከቀዘቀዘ ቆይቷል፤
ስምንት ዩኒቨርሲቲ የኔን ቃል ይጠብቃል።

ልጅቷ አይላ ኮስኪነን ናት፤ ዐሥራ ሰባት ዓመቷ፤
የወደቡን ተነሺ ድልድይ የሚያንቀሳቅሰው ኦርቮ ነው አባቷ።
«መሐንዲስ መሆን እፈልጋለሁ» ብላ ድርሰቷን አመጣች፤
ስድስት መቶ ሃምሳ ቃል፤ ስንቴ ጽፋ ስንቴ አጠፋች!
በመጀመሪያው፣ በልጅነቷ ሰዓት ፈታ ገጠመች።
(መሐንዲስ ነኝ ያለ ሁሉ ሰዓት ፈትቶ ገጥሟል፤
«ከዚያ ወዲህ አልሠራም» ብሎ የጻፈ ግን የት ይገኛል?)
«ይኼን አውጪው» አልኳት። አወጣችው።
በሁለተኛው ዓለምን አዳነች። እሱንም አልኳት።
ሦስተኛውን አንብቤ ዝም አልኩ።

እንግዲህ ያየሁትን ልመስክር።
በመከር ወራት ከአይስክሬም እንጨት ድልድይ አሠራኋቸው፤
ሃያ ስድስት ልጅ፣ ሃያ ስድስት ድልድይ፣ አንድ ነበር ጸሎታቸው፦
«እባክህ አትሰበር!»
ባልዲው ውስጥ አሸዋ ስጨምር፣ ዓይኑን የማይጨፍን አልነበር።
እሷ ግን ተንበርክካ፣ ጉንጯን ወደ ጠረጴዛው አስጠግታ፣
«ይጨመር» አለች፤ «ይጨመር»፤ ዓይኗን ከሦስተኛዋ መጋጠሚያ ሳታነሣ።
ቀጭ!
ክፍሉ «ውይ!» ሲል እርሳሷን አነሣች፤
«ዐሥራ አራት ኪሎ፤ ሙጫው ሳይሆን እንጨቱ» ብላ ጻፈች።
በማግስቱ ሌላ ይዛ መጣች፤ እሱንም ሰበረች።
በሦስተኛው ሳምንት አሸዋው አለቀብን፣ ድልድዩ ቆሞ ቀረ።
ጭብጨባው ቀለጠ። እሷን ግን ከፋት፤
የት እንደሚሰበር አላወቀችማ።
ለዚህ የሚሆን ሣጥን ቅጹ ላይ የለማ።

ያችን ጠባብ ሣጥን የነካኋት ለዌንደል ስትራንድ ነበር፤
ከአራት ዓመት በፊት፤ ቃሌን ሳልቆጥብ፤
ዐሥር ቦታ ላክሁ፤ ዐሥሩም «እናዝናለን» አሉት፣ በወረቀት በሚያምር ማኅተም።
ዛሬ መርከብ ማደሻው ውስጥ ብረት ይበይዳል።
ደህና ይከፈለዋል፤ አላጉረመረመም።
ባለፈው ሳምንት ማሞቂያዬ ሲንኳኳ አላስተኛ ቢለኝ መጣ፤
ጆሮውን ከቧንቧው ገጥሞ፣ ትንፋሹን ውጦ ሲሰማ ቆይቶ፣
«አየር ይዟል፣ መምህር» አለኝ፤ አስተነፈሰው በቁልፍ ፈትቶ።
ሒሳቡን ስጠይቀው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።
ያ ደብዳቤዬ የቱ መጋጠሚያው ላይ እንደተሰበረ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ዐሥር ደቂቃ ቀረ።
ከመቶ ስንተኛ? ከየትኛው መቶ?
ውጭ የመርከብ ጡሩምባ ጮኸ፤ ሐይቁ ሳይቆልፍ የሚያልፈው የመጨረሻው ነው፤
አንድ ረጅም፣ ሁለት አጭር። ድልድዩም መለሰለት።
ኦርቮ እላይ ክፍሉ ውስጥ አዝራሩን ተጭኖ መሆን አለበት፤
ያ ሁሉ ቶን ብረት ለአንድ መርከብ ሽቅብ ይነሣል፣
ልጁ የት ልትደርስ እንደሆነ እሱም እንደኔ አያውቅም።

ጠባቧን ሣጥን ነካኋት።
ከታች፣ ለማብራሪያ በተተወው ቦታ፣ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦
«ጫኑባት፤ የት እንደምትሰበር ራሷ ትነግራችኋለች።»
ደለዝኩት። «ትሰበራለች» የሚለውን ብቻ ቢያነቡስ?
መልሼ ጻፍኩት።
አራት ደቂቃ ሲቀር ላክሁ።

ማሞቂያው አንዴ ኳ አለ፤
ከዚያ ዝም።