ያልተፈረመበት መስመር

ቡርጅ ሐሙድ፣ ቤይሩት፤ አምስት ፎቅ ያለው ቤት፣
ሊፍቱ ከቆመ ይኸው ስድስት ዓመት።
ከሥሩ ጀነሬተር ሌት ተቀን ያጓራል፣
የታጠበ አንሶላ ናፍጣ ናፍጣ ይላል።
መብራት በአምፔር ነው እዚህ የሚሸጠው፣
ሸሚዝ የሚተኩስ ፍሪጁን አጥፍቶ ነው።

ፊርማ አሰባሳቢ አደረጉኝ እኔን፣
እንደ ብቃት ቆጥረው መሃል ፎቅ መሆኔን።
ጉዳዩ ሶላር ነው፤ ጣሪያው ላይ ሊተከል፣
ወጪው ተሸንሽኖ በየቤቱ ሊከፈል።

ወይዘሮ ቫርቱሂ፣ በር ሳትከፍት፣ ከውስጥ፦
«መብረቅ ይጠራል አሉ፤ ማን ነው የሚያረጋግጥ?»
ሴሮፕ ልብስ ሰፊው፣ ከምድር ቤት ሆኖ፦
«ከላይ ያሉት ጠጥተው፣ ለኔ ሊደርስ መንምኖ?»
መሐንዲሷ ጋሪኔ ደረጃው ላይ ቆማ፣
ኢንቨርተር፣ ኪሎዋት፣ ባትሪ... ሰው ሰማ አልሰማ፤
ራስ ተነቀነቀ፣ ነገሩ ግን አልገባም፣
አንገት ተስማማ እንጂ እጅ ብዕር አላነሳም።

ጫማ ሰፊ የነበር፣ ዛቬን፣ ጣሪያው ላይ
አርባ ርግብ ያረባል፤ ሀብቱ ሁሉ ሰማይ።
«ለናንተ መብራት ይምጣ፤ እነሱስ የት ይረፉ?
በጋለ መስታወት ላይ እየዘለሉ ይልፉ?»
በሩን ዘጋው። መስመሩ ባዶ ቀረ።

አንድ ቅዳሜ ጋሪኔ ወረቀቷን ትታ፣
ባዶ እጇን ጣሪያ ወጣች፤ ዝም ብላ ቆይታ፣
«በታኅሣሥ» አለችው፣ «የዚያ ፎቅ ጥላ
የት ድረስ ይመጣል? መቼስ ነው የሚላላ?»

ሽማግሌው ሳቀ። ማን ጠይቆት ያውቃል?
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጥላ ሲሄድ አይቷል፤
ርግቦቹ ከየት ተነሥተው የት እንደሚሞቁ፣
በየወሩ በስንት እርምጃ እንደሚርቁ።
ከኪሱ ጠመኔ አወጣ፣ ቆዳ ይለካ የነበረበትን፣
ወለሉ ላይ አሠመረ ፀሐይ የምትረግጥበትን።
«እናንተ ያሰባችሁት ያ ጥግ? ተዉ፣ አትድረሱ፤
ግማሽ ዓመት ጥላ ነው፤ ወደዚህ መልሱ።»

ፓኔሉ ተተከለ፣ በሰው ቁመት ከፍ ብሎ፣
የርግቡ ቤት ከሥሩ፣ ጥላው ለነሱ ተደልድሎ።
ያ ሞተር አሁን ቀን ቀን እንቅልፍ ይዞት ይውላል፣
አንሶላውም ሲደርቅ ሳሙና ሳሙና ይላል።
ቫርቱሂ ነጎድጓድ ሲሰማ አሁንም ታማትባለች፣
ፍሪጁን ሳታጠፋ ግን ሸሚዝ ትተኩሳለች።
«ደረሰኝ» ይላል ሴሮፕ፣ «ለካስ አልመነመነም!»
ቆጣሪውን ግን ያያል፤ ገና ጨርሶ አላመነም።

መዝገቤን ስገልጥ ዛሬም አንድ መስመር ባዶ ናት፤
ዛቬን አልፈረመም፤ ብጠይቀው፣ «ላስብበት»።
ብቻ በየንጋቱ ባልዲ ሲንቋቋ እሰማለሁ፣
በመጥረጊያ እየፈተገ ኩሱን ሲያጥብ አያለሁ፤
«ባለጌዎች!» ይላል፣ «ፀሐዩን ጋረዳችሁብኝ!»
ርግቦቹን ይሁን እኛን፣
ዛሬም አልለየልኝ።