ሰማዩ ጠርቶ ሳለ

ደቻቱ ደርቋል፤ አሸዋ ብቻ ነው፣
ለማያውቅ እንግዳ መንገድ የሚመስለው።
ልጆች ኳስ ይለጋሉ፣ ግመሎች ያልፋሉ፣
ቲማቲም ሻጮቹ ድንኳን ይተክላሉ።
እኔም እንደዚያው ነኝ፣ ከላይ ሲያዩኝ ደረቅ፤
የታች ውኃዬን ግን አንድ እሱ ነው የሚያውቅ።

አባቴ ለገሃር ባቡር እየጠገነ፣
ቅባት ጥፍሩ ውስጥ ገብቶ እየደፈነ፣
ከዚራ ያቆማት ባለ ሁለት ክፍል፣
ለእኔና ለአጥናፉ ነበረች እኩል።
አጥናፉ ወንድሜ፣ በጀርባዬ ያዘልኩት፣
ወባ ሲያንቀጠቅጠው ሌሊቱን ያቀፍኩት፣
አንድ ቀን መጣና ወረቀት ዘርግቶ፣
«ጣራው ሊታደስ ነው» አለኝ እስክሪብቶ ሰጥቶ።
ፈረምኩ። ምን ላንብብ? የእናቴ ልጅ አይደል?
የራሱን እጅ፣ ማነው፣ የሚጠይቅ ውል?

በሳምንቱ መጡ ባለቤቶች ነን ባይ፤
ልብስ እያጠብኩ ነበር፣ አረፋ እጄ ላይ።

ገንደ ቆሬ ገባሁ፣ በኪራይ አንድ ክፍል፣
ቆርቆሮው ከቀትር እስከ ማታ ሲግል።
ጎረቤቴ ዘይቱና ውኃ አመጣችልኝ፣
«ሶብር በይ፣ እህቴ፤ አላህ ያያል» አለችኝ።
«እግዜር አይቸኩልም» አሉ የንስሐ አባቴ፤
እኔ ግን ቸኮልኩኝ፣ ነደደ አንጀቴ።
እውነቱን ልናገር፤ ጸሎት አልነበረም፣
እርግማን ነው፣ ጧፍ ይዞ የቆመ፣ ሌላ አይደለም።
«ቤቴን በላ፤ አንተም ቤቱን ብላበት» እያልኩኝ፣
ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ደጁ ላይ ቆምኩኝ።

እሱ ቤት ሠርቷል፣ ከደቻቱ ዳር፤
በእኔ ድርሻ ብሎኬት፣ በእኔ ድርሻ አጥር።

አንድ የነሐሴ ሌት፣ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ፣
ኮከቡ እንደ ጨው ላያችን ተዘርቶ ሳለ፣
ከሩቅ፣ ከደንገጎ ተራራ ሥር መጣ
ድምፅ፤ ድንጋይ የሚያኝክ፣ ዛፍ ነቅሎ የወጣ።
እዚህ ጠብ አላለም፤ እዚያ ዘንቦ ኖሯል፤
ያላየሁት ዝናብ መልስ ይዞ መጥቷል።

ይኸው፣ አልኩ፣ ሰማኝ። የለመንኩት ይኸው።
ደስታዬን ግን እግሬ ቀድሞ ረገጠው፤
ነጠላ አልደረብኩ፣ ጫማ አላጠለቅኩ፣
የልጅነት ስሙን እየጠራሁ ሮጥኩ፦
«አጡዬ! ልጆቹን! ውኃው መጣ፣ ተነሥ!»
በሩን በቡጢዬ ደበደብኩ እስኪፈርስ።

ከፈተ። አየኝ። ምንም አላለኝም።
ትንሿን ልጅ ሰጠኝ፤ እኔም አልጠየቅኩም።
ሽቅብ ወጣን አብረን፣ በጨለማው አቀበት፤
ያን የጥንቱን ሙቀት አንገቴ ላይ ሰማሁት።

ጎርፉ አጥሩን ወሰደ፣ ቤቱን ግን ተወለት።
ይቅርታ አልጠየቀኝም።
ከዚራም ያ ገዢ በሯን ሰማያዊ ቀባት።

ዛሬም እጠብቃለሁ። ምን እንደሁ አላውቅም።
ጸሎቴ አጥሯል፤ ጥርስ የለው፣ ጥፍር የለውም፤
«አንተ ታያለህ» ነው። አንዳንዴ እሱም ይቀራል፣
ዝም ማለቴ ብቻ ከፊቱ ይቆማል።

ደቻቱ ዳግም ደርቋል፤ ልጆች ኳስ ይለጋሉ፤
ዐይኖቼ፣ ሳላዛቸው፣ ደንገጎን ያያሉ።