የኦታሪ ለምድ

መጋቢት ነው፣ ስቫኔቲ።
በረዶ ከጣራው ላይ እየተቆለለ፣
መብራቱ ሄደና መፈልፈያው ዝም አለ።
በውስጡ ሃያ አራት እንቁላል፤
አንድ ቀን የቀረውን ጫጩት ብርድ ይገድላል።

ኦታሪ ነበረ ሁልጊዜ የሚያላግጥ፣
«ዶሮ ብሎ ሀብት! ከብት ነው የሚበልጥ»
እያለ፣ ጥሬ ሲበተን የሚቆጣ፤
ያን ሌሊት ከአልጋው ማንም ሳይጠራው ወጣ።
የበግ ለምዱን ደርቦ፣ ቀበቶውን አጥብቆ፣
«ስጪኝ» አላት ናኑሊን፣ ዓይኑን ከዓይኗ ደብቆ።
አንድ ባንድ አቀበለችው፤ እሱም እየቆጠረ
ከምድጃው አጠገብ ቀጥ ብሎ አደረ፣
ሳይስል፣ ሳያዛጋ፣ ሳይደገፍ ግድግዳ፣
በገዛ ቤቱ እንደ እንግዳ።

ሊነጋጋ ሲል ከለምዱ ሥር ኳ፣ ኳ አለ በጨለማ፤
«ልቤ ነው» ብሎ ደነገጠ፤ ኋላ ግን ጩኸት ሰማ።

አሥራ ዘጠኙ ወጡ፤ አምስቱ ቀርተዋል።
እሷ የሞቱትን፣ እሱ የኖሩትን ቆጥረዋል።

ግንቦት ላይ፣ ጭልፊት ባንዣበበች ቁጥር፣
ላሞቹን ጥሎ ይሮጣል፤ ለምዱ እንደ ክንፍ ሲወጠር
ናኑሊ ከደጅ ታየዋለች፣
ስለ ከብት ምንም ሳትናገር።